መስታወቱ ላይ የተረጨው ሰም

አሶሳ ውስጥ መኪና ኖሮት ምንይችልን የማያውቅ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ወደ ባምባሲ በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ስር መኪና ያጥባል። ቀጠን ያለ ነው፤ እጁ ፈጣን ነው፤ አፉ ግን ከእጁ ይቀድማል። ስለ ሞተር ብትጠይቁት ያውቃል። ስለ ወባ መድኃኒት ብትጠይቁት ያውቃል። የጎረቤት አገር ጦርነት መቼ እንደሚያበቃ ብትጠይቁት እንኳ ወሩን ቆርጦ ይነግራችኋል። "አላውቅም" የሚል ቃል ከአፉ ሲወጣ የሰማ ሰው ካለ ይቅረብና ይመስክር።

አመሉ ከየት እንደመጣ የሚያውቁ ሰዎች ግን አይፈርዱበትም። በደርግ ጊዜ በሰፈራ ከወሎ ወደዚህ ሲያመጡት ጡት ያልጣለ ሕፃን ነበር። እናቱ በመጀመሪያው ክረምት በወባ ሞተች። አባቱ ከማያውቀው መሬት ጋር ሲታገል ስለሚውል፣ ልጁን ያዘለችው፣ ያጎረሰችው፣ ሲያተኩሰው በእርጥብ ጨርቅ ያበረደችው ታላቅ እህቱ ብዙወርቅ ናት። ያኔ እሷም ራሷ ሕፃን ነበረች። እሱን አዝላ የትምህርት ቤቱን አጥር ተደግፋ ሌሎች ልጆች ፊደል ሲቆጥሩ ታይ ነበር ይባላል። ሲያድግ እሱን ትምህርት ቤት ሰደደችው፤ እሷ ቀረች።

እሱ ደግሞ አቋረጠ። ወርቅ አወጣለሁ ብሎ ወንዝ ወረደና ወባ ይዞ ተመለሰ። ሰሊጥ እዘራለሁ አለ፤ ዝናቡ ከዳው። ማንጎ ጭኜ ነቀምት እሸጣለሁ ብሎ ተነሣ፤ መኪናው መንገድ ላይ ተበላሽቶ ማንጎው ጆንያ ውስጥ እንዳለ በሰበሰ። በተመለሰ ቁጥር ብዙወርቅ ውሃ ታሞቅለታለች፣ ምግብ ታቀርብለታለች፣ አንዲት ቃል አትናገረውም። ብትሰድበው ይሻለው ነበር። ዝምታዋ ነው ሆዱን የሚበላው። እንግዲህ ሰው ፊት ሁሉን አውቃለሁ ማለት የጀመረው በዚያ ወራት ነው።

መኪና ማጠብ ላይ ግን ቀናው። የአሶሳ መኪና በበጋ ቀይ አቧራ አለበት፤ ማንጎ ሲደርስ ደግሞ ዛፉ ራሱ ጠላት ይሆናል። ሹፌሩ ጥላ አገኘሁ ብሎ ከማንጎ ስር ያቆማል፤ ሲመለስ ኮፈኑ ላይ ሙጫና የወፍ ኩስ ተንጠባጥቦ ይጠብቀዋል። ፀሐይ ሲያገኘው ቀለሙን በልቶ ጠባሳ ይተዋል። አቧራውንም በደረቅ ጨርቅ ለሚያሽ ሰው ቀለሙ እንደ ምጣድ ቂጥ ተፋፍቆ ይቀራል። ምንይችል ይሄ ነገር ከሌሎቹ አጣቢዎች ቀድሞ ገባው። መጀመሪያ በብዙ ውሃ ከላይ ወደ ታች አቧራውን ያወርዳል፤ በልብስ ሳሙና አያጥብም፤ መሬት የነካ ጨርቅ መኪና አያስነካም። በዚህ ነገር ከጎረቤት አጣቢዎች ጋር ተጣልቶ ያውቃል።

ከዚያ ሰሙ መጣ። ከሱዳን ድንበር፣ ከኩርሙክ በኩል በሚገባ ዕቃ መሀል ሆሞሻ ገበያ ላይ ያገኘው፣ በጣሳ የታሸገ የሚረጭ ሰም ነው። አናቱን ሲጫኑት ፍስስ ይላል፤ ሎሚ ሎሚ ይሸታል። ታጥቦ በደረቀና በቀዘቀዘ ቀለም ላይ ጥቂት ረጭቶ በንጹህ ጨርቅ ሲጠርገው፣ አሮጌ መኪና ሳይቀር የሰው ፊት ያሳያል። ውሃ ሲደፉበት ጎመን ቅጠል ላይ እንዳለ ጠብታ ድቡልቡል እያለ ይወርዳል። ሙጫውም ኩሱም ቀለሙን አይዝም፤ በእርጥብ ጨርቅ ብድግ ይላል። "ምንይችል ሰም ቀባልኝ" ማለት በከተማው እንደ ወግ ሆነ።

ጣሳው ላይ ያለው ጽሑፍ ዐረብኛ ነው። ምንይችል ዐረብኛ አያነብም። ደንበኛ "ምን ይላል?" ሲለው ግን ጣሳውን ከዓይኑ ራቅ አድርጎ ይይዝና፣ ከንፈሩን ትንሽ አንቀሳቅሶ፣ "ቀለሙን ከፀሐይ ይጠብቃል ነው የሚለው" ይላል። ግምቱ ልክ ስለሆነ ማንም አልጠረጠረውም።

ሊያነብለት የሚችል ሰው አጥቶም አልነበረም። አብዲ የሚባል ወዳጅ ነበረው፤ የሆሞሻ ተወላጅ፣ የበርታ ብሔረሰብ ሰው፣ በጥቁር ኮሮላ ኮንትራት የሚሠራ ሹፌር። ልጅ ሆኖ ቁርኣን ስለቀራ ዐረብኛውን እንደ ውሃ ይጠጣዋል። ቁጥብ ሰው ነው፤ ጉድጓድ ሲያይ ከሩቅ የሚያበርድ፣ ተሳፋሪ ቢያጣድፈው የማይጣደፍ። መጠጥ የሚባል በአፉ ዞሮ አያውቅም። ሁለቱ ከሥጋ በቀር ሁሉን አብረው ይበላሉ። አንድ ቀን አብዲ ጣሳውን ሲያየው እጁን ዘረጋ።

"አምጣው ላንብብልህ። ከታች በቀይ የተጻፈ ነገር አለው።"

"አንብቤዋለሁ ባክህ" አለ ምንይችል፣ ጣሳውን ወደ ጀርባው እየወሰደ።

"በየትኛው ትምህርትህ?"

"ሥራዬ እኮ ነው። የራሴን ዕቃ አንተ ልትነግረኝ ነው?"

አብዲ ሳቀና ተወው። ሰውን በማያገባው ነገር የሚጫን ዓይነት አይደለም።

የብዙወርቅ ልጅ ስርጉት የታጨችው ለባምባሲ ልጅ ነበር። የሙሽራው አባት አቶ ኢተፋ ከወለጋ መጥተው ባምባሲ ላይ በእህል ንግድ የታወቁ፣ ቤታቸው ሰው የማይጠፋበት ሰው ናቸው። ብዙወርቅ እንደዚህ ካለ ቤት ጋር መጋባቷ ደስ አሰኝቷታል፤ አስፈርቷታልም። ከእኛ ወገን ምን ጎደለ ይሉ ይሆን እያለች እንቅልፍ ታጣ ነበር። ሙሽሮቹን የሚወስደው መኪና ከአሶሳ ይሁን ተብሎ በሽማግሌዎች ስምምነት ሲወሰን፣ ወንድሟን ጠራችው።

"ምንዬ፣ የመኪናውን ነገር ላንተ ጥያለሁ። እንደ መስታወት አድርግልኝ። አደራ።"

ዕድሜዋን በሙሉ ለእሱ ስታደርግ ኖራ፣ ከእሱ አንድ ነገር ስትጠይቅ ይሄ የመጀመሪያዋ ነው። ምንይችል ያን ቀን ሲሄድ እግሩ መሬት አልነካም። ዘመድ ሁሉ ሰርጉ ላይ ይኖራል፤ ማንጎው ሲበሰብስ የሳቁበትም፣ "የብዙወርቅ ሸክም" የሚሉትም። እህቱ አንድ ቀን በእሱ ኮርታ ብታድር፣ ሌላ የሚፈልገው ነገር አልነበረም። ለሥራው የመረጠውም የሚያምነውን ሰው ነው፤ አብዲን።

ሰርጉ ግንቦት ላይ ነበር። ጠዋት አብዲ ኮሮላውን አስረክቦት ልብሱን ሊለብስ ቤቱ ሄደ። ምንይችል መኪናውን እንደ ሕፃን አጠበው። በየክፍሉ ጨርቅ እየለወጠ በሩን፣ ኮፈኑን፣ ጣሪያውን አንድ በአንድ በሰም አበራ። ጥቁሩ ቀለም ቆርቆሮ ጣሪያውን ቁልጭ አድርጎ አሳየ። ሲጨርስ ሁለት እርምጃ ወደኋላ ብሎ አየው፤ የፊት መስታወቱ ከሌላው ጋር ሲነጻጸር ደብዘዝ ያለ መሰለው። እህቱ "እንደ መስታወት" ብላው መስታወቱ ራሱ ማነሱ አልዋጥ አለው። ከዚያ በፊት መስታወት ላይ ረጭቶ አያውቅም። ጣሳውን አነሣና ያለ ስስት ረጨው፤ ጠረገው፤ ደግሞ ረጨው። መስታወቱ የሌለ እስኪመስል ጠራ።

አበባ የምታስረዋ ሴት መጥታ ሪባኑን ኮፈኑ ላይ በፕላስተር ስትለጥፍ አልያዝ አላት። ለጠፈችው፤ ተንሸራተተ። ደግማ ለጠፈችው፤ አበባው እንዳለ መሬት ወረደ።

"ይሄን መኪና ምን ቀብታችሁት ነው?" አለች።

"ፕላስተርሽ ነው የማይረባው" አላት ምንይችል። ሴትዮዋ አጉረመረመችና ሪባኑን በበሮቹ ውስጥ አሳልፋ አሰረችው።

ከአሶሳ ሲወጡ ሰማዩ ጠርቶ ነበር። ኮሮላው ከፊት፣ ከጎኑ ቪዲዮ የሚቀርጸው ልጅ በሞተር ሳይክል፣ ከኋላ ምንይችልና የሁለቱም ወገን ሰዎች በሚኒባስ። ብዙወርቅ ከቤት አልወጣችም፤ የሴት እናት ናትና እንግዳዋን ይዛ ቀረች። መኪናውን ስታይ ግን "አኮራኸኝ" ብላዋለች። ይችን ቃል በልቡ ይዞ፣ በሚኒባሱ ውስጥ ከዘፋኞቹ ሁሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይዘፍን ነበር።

ባምባሲ ሲቃረቡ ሰማዩ በአንድ ጊዜ ጠቆረና ዝናቡ ወረደ። ኮሮላው ፍጥነቱን ቀነሰ። ከዚያ ወደ ግራ ሄደ፤ ወደ ቀኝ ተመለሰ፤ የፍሬን መብራቱ ይበራል ይጠፋል። ሚኒባሱ ውስጥ ዘፈኑ ቀስ በቀስ ቆመ። ከፊት የተቀመጡ የሙሽራው ወገን አንድ ሽማግሌ አንገታቸውን አስግገው አዩና ወደ ምንይችል ዞሩ።

"ሹፌሩ ያንተ ጓደኛ አይደል? ይጠጣል እንዴ?"

በዚያች ቅጽበት ምንይችል መስታወቱ ትዝ አለው። ሁለት ጊዜ የረጨው ሰም፣ በላዩ ዝናብ፣ በላዩ መጥረጊያ። አብዲ ላንብብልህ ያለው ቀይ ጽሑፍም ታወሰው። "ጠጥቶ አያውቅም" ማለት ይችል ነበር፤ እውነቱም እሱ ነው። ግን እንዲያ ቢል "ታዲያ ምን ሆኖ ነው?" መባሉ አይቀርም። ለሱ መልስ አለው፤ መልሱም ራሱ ነው።

"እኔ ምን አውቃለሁ" አለ።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁሉን የሚያውቀው ምንይችል ስለ ገዛ ጓደኛው አላውቅም ካለ፣ ለሰሚው ከዚያ በላይ ምስክር አያስፈልግም።

ኮሮላው ጥቂት እንደሄደ የፊት ጎማው ከመንገድ ወጥቶ ቦይ ውስጥ ገባ። እግዜር ሲጠብቅ ቀስ ብሎ ነበርና ማንም አልተጎዳም። ግን ሙሽራዋ መውረድ ነበረባት። ስርጉት ነጭ ቀሚሷን በሁለት እጇ ሰብስባ ቀይ ጭቃ ውስጥ ቆመች፤ ጫማዋ ተቀብሮ ቀረ፤ ፀጉሯ ላይ ዝናቡ ወረደበት። ቪዲዮ ቀራጩ ይህንንም ይቀርጻል። ሰዉ መኪናውን ሲገፋ አብዲ ለሚሰማው ሁሉ ያስረዳ ነበር።

"ወላሂ መስታወቱ ነጭ ሆነብኝ። መጥረጊያው በጠረገ ቁጥር ይብሳል። ምንም አላይም።"

የሚሰማው አልነበረም። የሰማውም አላመነውም። ምንይችል ግን ሰምቷል። ወደ መስታወቱ ጠጋ ብሎ በጣቱ ነካው፤ ልስልስ አለ፤ ሎሚ ሎሚ ሸተተው። ማንም እንደማያየው ዞር ዞር ብሎ ካየ በኋላ፣ ከኪሱ ጨርቅ አውጥቶ ከቦዩ ጭቃ ጠቀሰና መስታወቱን ያሽ ጀመር። መሬት የነካ ጨርቅ መኪና የማያስነካው ሰው፣ በጭቃ ፈተገው። ዝናቡ አጥቦ ወሰደው። መስታወቱ ንጹህ ሆነ።

መኪናውን ከቦይ ሲያወጡት ሽማግሌው አብዲን "ቁልፉን ወዲህ በል" አሉት። አንደኛው ሚዜ መሪውን ያዘ፤ መጥረጊያውን አስነሣ፤ መንገዱ ጥርት ብሎ ታየው። እየነዳም በመስኮት ብቅ ብሎ፣ "መስታወቱ ምንም አልሆነም እኮ" ብሎ ጮኸ። ሰዉ ሁሉ ወደ አብዲ ዞረ። ምንይችል ያኔ ነበር ያደረገው ነገር በደንብ የገባው። ጥፋቱን የደበቀ መስሎት በጓደኛው ላይ ማስረጃ ሠርቷል። ቢናገር ጊዜው ያን ሰዓት ነበር። ጨርቁን ወደ ኪሱ ውስጥ ገፋው።

አብዲን ሚኒባስ ውስጥ አስገቡት። የተገኘው ባዶ ቦታ ከምንይችል አጠገብ ነበር። እስከ ሰርጉ ቤት ድረስ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሄዱ፤ ልብሳቸው ረጥቦ ትከሻቸው ተነካክቶ። አብዲ አንዴ የምንይችልን እጅ አየ፤ ጥፍሮቹ ውስጥ ጭቃ ገብቷል። ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ። ምንይችል እጆቹን ጭኖቹ መሀል ቀበራቸው።

አሶሳ ትልቅ ከተማ አይደለችም። "ሙሽራ ጭኖ ሰክሮ ቦይ የገባው" የሚለው ወሬ ከነሱ ቀድሞ ገበያ ደረሰ። በሰርግ ወራት ስልኩ የማያርፈው አብዲን የሚጠራው ጠፋ። በከተማው መካከል ሲያልፍ ጎረምሶች በአፋቸው ጠርሙስ የሚከፈት ድምፅ ያሰሙበታል። መኪናውን ሊያሳጥብም መምጣቱን ተወ፤ ደጁ ላይ በባልዲ ራሱ ያጥብ ጀመር። ምንይችል በዚያ በኩል መሄድ አቆመ፤ ገበያ ሲወርድ ዞሮ በላይኛው መንገድ ይሄዳል። ሥራ ላይ ያ ሁሉ ወሬው ተቆረጠ። ሰም ቀባልኝ የሚለው ሰው ሲመጣ ፊቱ ላብ በላብ ይሆናል።

ለራሱ የሚነግረው ነገር ነበረው። ብናገር እህቴ ትዋረዳለች፤ አቶ ኢተፋ ቤት "የሚስቱ አጎት ነው ልጃችንን ሊገድል የነበረው" ይባላል፤ ስርጉት በገባችበት ቤት አንገቷን ደፍታ ትኖራለች። ሁሉም እውነት ይመስላል። ማታ ግን ጋደም ሲል ይሄ ሁሉ ተራግፎ አንድ ነገር ብቻ ይቀራል፤ ማፈሩ። አብዲን ያለ ጥፋቱ አሰደበው፤ እያሰደበውም ነው።

አቶ ኢተፋ ለቅሶ ደርሶባቸው ወለጋ ስለከረሙ የመልሱ ጥሪ ዘገየ። በመጨረሻ ሙሽሮቹና የባምባሲ ዘመዶች ብዙወርቅ ቤት መጡ። ምንይችል የጠላውን ማንቆርቆሪያ ይዞ ያስተናግዳል። ሲበላ ሲጠጣ ጨዋታው ደራ፤ አቶ ኢተፋም ብርጭቋቸውን ከፍ አድርገው ሳቁ።

"ዛሬስ በሰላም ደረስን። ደግነቱ ያን ሰካራም ሹፌራችሁን አላመጣነውም።"

ቤቱ ሳቀ። ብዙወርቅም ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ምንይችል ማንቆርቆሪያውን ሳያስተውል አዘንብሎ ጠላው የአንዱን እንግዳ ሱሪ ነካ።

"አብዲ አይጠጣም" አለ። ድምፁ ከፈለገው በላይ ወጣ። "መስታወቱን ሰም የቀባሁት እኔ ነኝ። ለቀለም የሚሆነውን መስታወት ላይ ረጨሁት። ዝናብ ሲነካው ነጭ ሆነበት። ኋላም በጭቃ የጠረግሁት እኔ ነኝ።"

ምንይችል መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። የሚጠብቀው ስድብ ነበር፤ ቢመቱትም አይገርመውም። አቶ ኢተፋ ግን አንዴ ትክ ብለው አዩትና ሆዳቸውን ይዘው መሳቅ ጀመሩ።

"ያ ዋቃዮ፣ መስታወት ላይ ሰም! ምነው እኛንም በቀባኸን!"

ሌላውም ተከተላቸው። ሙሽራው ሳቀ፤ ስርጉት እንኳ ሳቀች። ለአፍታ ምንይችል ቀለል አለው፤ ያ ሁሉ ጭንቀት በሳቅ ያለቀ መሰለው። ነገር ግን ሳቁ ሲበርድ ወሬው ወደ ማሳና ወደ ዝናብ ዞረ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል "ሰውየውን በከንቱ አማነው" ያለ አልነበረም። የአብዲ ስም አልተነሣም።

ብዙወርቅ ግን በዚህኛው አልሳቀችም። ጓዳ ጠራችው።

"በሰርጉ ማግስት ቤቴ ድረስ እንኳን ደስ ያላችሁ ሊል መጥቶ ነበር" አለችው። "ከበር መለስኩት። ልጄን ልትገድል ነበር አልኩት። ዝም ብሎኝ ሄደ።"

"እትዬ፣ ላንቺ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። እንዳትዋረጂ።"

"አይደለም" አለች፤ ድምፅዋን እንኳ አላነሣችም። "ለራስህ ብለህ ነው።"

ስታሳድገው አንድ ቀን ክፉ ቃል ተናግራው የማታውቅ እህቱ የተናገረችው ይችን ብቻ ነው። ልክ ነበረች።

በነጋታው አብዲ ደጅ ሄደ። አብዲ ኮሮላውን በባልዲ ውሃ እያጠበ ነበር፤ ሲያየው ሥራውን አላቆመም።

"ሰምቻለሁ" አለው። "ከተማው እየሳቀ ነው። ጠዋትም ሁለት ሰው ደውሎልኛል።"

"ይቅር በለኝ አብዲ።"

"እኔ ያን ቀን አውቄዋለሁ። እጅህን አይቻለሁ። ራስህ ትናገራለህ ብዬ ነው የጠበቅሁህ።" ጨርቁን ጨመቀው። "እኔን ተወኝ። እናቴ ሆሞሻ ናት። ስድቡ እሷ ጋ ደርሷል፤ የእናንተ ሳቅ ግን እዚያ አይደርስም። ሄደህ ራስህ ንገራት።"

በዚያው መኪና ሄዱ። ምንይችል በልቡ የሚናገረውን ያዘጋጅ ነበር፤ የአብዲ እናት የእድሜ ባለጸጋ ናቸው፣ አማርኛም እንደ ልብ አይችሉም፣ ስለዚህ በቀላል ቃል፣ አጠር አድርጎ፣ እጅ ነሥቶ። አብዲ ግን ሲደርሱ ወደ ግቢው አልገባም፤ የአጥሩ በር ላይ ቆመ።

እናቱ ወይዘሮ ዐዋጢፍ ደጃፋቸው ላይ በምንጣፍ ተቀምጠው ለውዝ ይፈለፍሉ ነበር። ከራስ እስከ እግር የሚጠመጠመውን የሱዳን ልብስ፣ ሰማያዊ ጦብ ለብሰዋል። ለእንግዳ ብለው ውሃ አስቀረቡለት። ምንይችል ውሃውን ሳይጠጣ ተንበረከከ።

"እማማ፣ አብዲ አልጠጣም። መኪናው ቦይ የገባው በእኔ ጥፋት ነው። መስታወቱን ሰም ቀባሁት። ሰው ሰከረ ሲለው እያወቅሁ ዝም አልኩ። አብዲ ንጹህ ነው።"

ሴትዮዋ ለውዙን መፈልፈል አቆሙ። ነገሩ ገብቷቸው እንደሆነ ከፊታቸው መለየት ቸገረው። ቀስ ብሎ ደገመላቸው። አልተቆጡትም፤ እሱንም አላዩትም። የሚያውቋትን አማርኛ አንድ አንድ እያነሡ፣ ቃሉን እያዛነፉ ተናገሩ።

"ሰው መጣ፣ ልጅሽ ሐራም ጠጣ አለ። አብዲ መጣ። 'አልጠጣም' አለ። እኔ አላመነም።"

እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ፤ እንደገና አወረዱት።

"አብዲ ትልቅ ሰው ነው። ጢም አለው። የሱ ልጆች እዚህ ቆመው ነበር። እኔ 'አፍ ክፈት' አለ። ልጆቹ ያያል፣ እሱ ከፈተ። እኔ አሸተተ።"

የአጥሩ በር ላይ አብዲ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል፤ እያንዳንዷን ቃል ሰምቷል። ምንይችል ከተንበረከከበት አልተነሣም። ወይዘሮ ዐዋጢፍ የጦባቸውን ጫፍ ስበው ፊታቸውን ከልጃቸው ሸፈኑ።